በገመዱ ላይ የተንጠለጠለችው ማንኪያ

ፌንጣ ይሏት ነበር። ያኔ ዕድሜዋ ሰባት ዓመት ነበር። ቤቷ ከሐይቁ ዳር ካሉት ቤቶች የመጨረሻው፣ በሩ ወደ ውኃው የሚከፈተው ነው። ሌላ ስምም ነበራት፤ ግን ከአልጋ ወደ በር፣ ከበር ወደ ውኃ ስትዘል ያያት ሁሉ ፌንጣ እያለ ሲጠራት፣ ያኛው ስም አኩርፎ ሄደ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

ያን ጊዜ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ነበር። ይህችን ያዙልኝ ልጆች፤ ጥርስ በኋላ ይፈለጋል።

እናቷ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋ ከጠዋት ጀምሮ ስታጉረመርም፣ የጎረቤት ዶሮዎች ሳይቀሩ በእሷ ምት ይራመዱ ነበር። አያቷ ደግሞ ጀልባ ጠጋኝ ነበሩ። በዘመናቸው ያልጠገኑት ጀልባ ቢኖር ገና ያልተሠራው ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ዓይናቸው ደክሟል። ድመቷን ከትራሱ ለመለየት፣ ድመቷ እስክትናገር ይጠብቁ ነበር።

ዓሣ ማጥመዱን ግን አልተዉም። ዘንግ አይዙም፤ ክሩን በእጃቸው ይዘው ዓሣው ሲነክስ በጣታቸው ይሰሙታል። አንገታቸው ላይ ገመድ ያጠልቃሉ። በገመዱ ላይ ትንንሽ ዕቃዎች ተንጠልጥለዋል። በግራ በኩል ከዓሣ አፍ መንጠቆ የሚነቅሉባት ፒንሳ አለች። በመሐል መንጠቆ ሲደነዝዝ የሚስሉባት ሞረድ አለች። በቀኝ በኩል አውራ ጣት የምታህል መቀስ አለች።

“ውኃ ላይ ሆኜ ሻንጣ አልበረብርም” ይላሉ አያቷ። “እጄ ሲመጣ ዕቃው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ።”

ሲራመዱ ገመዱ ቅጭል ቅጭል ይላል። የጎረቤቷ የዳቦ ጋጋሪ ልጆች ይህን ሲሰሙ ከአጥር ላይ ይጮሃሉ።

“ደወሉ መጣ! ትምህርት ቤት ተከፈተ!”

“ታዲያ ግቡ እንጂ! ምን ይገትራችኋል?” ይላሉ አያቷ።

እንግዲህ ፌንጣ ከአሮጌ ካልሲ የተሠራች አሻንጉሊት ነበረቻት። ምስኪን፣ ሆዷ ባዶ፣ ልብስ የላትም። አንድ ቀን እናቷ ከስፌት የተረፈ ቀይ ብጣሽ ሰጠቻት። ፌንጣ ወዲያው ቀሚስ ታያት። መቀስስ? የእናቷ መቀስ ሲከፈት በር የተከፈተ ይመስላል። “ይህን የነካ ጣቶቹን ይሰናበት” ብላለች እናቷ፤ ደግሞ አትቀልድም።

አመሻሹ ላይ አያቷ ወንበር ላይ አንቀላፍተዋል። ገመዱ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ትንሿ መቀስ ፌንጣን አየቻት። ፌንጣም መቀሷን አየቻት።

“ለአንድ አፍታ ነው” አለች ለአሻንጉሊቷ በሹክሹክታ። “አባባ ሳይነቁ እመልሳታለሁ።”

“ለአንድ አፍታ” የምትባለዋን ታውቋታላችሁ አይደል ልጆች? ከአፍታ ሁሉ ረጅሟ እሷ ናት።

በርጩማ ላይ ቆማ መቀሷን ፈታች። ቆረጠች፣ ቆራረጠች። ቀሚስ ወጣ፤ አንዱ እጅጌ ረጅም፣ ሌላው አጭር፣ ግን ቀሚስ ነው። የተራረፈውን ቁርጥራጭ ለአሻንጉሊቷ ሆድ መሙያ ከመረችው።

“ፌንጣ! ራት!” አለች እናቷ ከወዲያ።

“መጣሁ!”

“መጣሁ ሳይሆን ነይ!”

ፌንጣ ደነገጠች። ክምሩን በሁለት እጇ አፍሳ አሻንጉሊቷ ሆድ ውስጥ ጠቀጠቀችው። በመርፌ ወጋ ወጋ አድርጋ ዘጋችና ሮጠች። ራቷን በልታ ስትመለስ መቀስ የለችም። ከአልጋ በታች የለችም። ከምንጣፉ ሥር የለችም። ድመቷን ሳይቀር አንስታ ከሥሯ አየች።

እናንተ ገብቷችኋል አይደል? ዝም በሉ! እሷ ገና አልገባትም።

አሁን ምን ይደረግ? አያቷን ቀስቅሳ “መቀስዎን ጣልኩ” ማለት ነበረባት። አንደበቷ ግን እንደ እርጥብ በር አልከፈት አላት። ወጥ ቤት ገብታ እጀታዋ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ማንኪያ አመጣች። በመቀሷ ቦታ አሰረቻት። ገመዱን ነቅነቅ አደረገችው። ቅጭል። ደህና ነው። ተኛች፤ ማለቴ ዓይኗን ጨፈነች።

ጎህ ሲቀድ አያቷ ገመዳቸውን አጠለቁ። እንደ ሁልጊዜው ጠየቁ።

“ፌንጣዬ፣ ዕቃዎቹ ሁሉ አሉ?”

“አሉ፣ አባባ።”

“ደህና አድርገሽ አየሽ?”

“አየሁ።”

“እንግዲህ አንቺ ካየሽ እኔ አየሁ ማለት ነው” አሉና ራሷን ዳበስ አደረጓት። ከዚያ ቀን በፊት ያ እጅ ቀላል ነበር፤ ያን ዕለት ግን የወፍጮ ድንጋይ አከለባት።

ልጆች፣ የዚያን ሐይቅ ጠዋት ባያችሁት! ጭጋጉ ከመወፈሩ የተነሣ ዳክዬዎች እርስ በርሳቸው እየተጋጩ ይቅርታ ይጠያየቁ ነበር። የረጠበ እንጨት ይሸታል። የዳቦ ጋጋሪዋ ምድጃ ሽታ ውኃውን አቋርጦ ጀልባው ድረስ ይመጣል። ፌንጣ ትቀዝፋለች፤ አያቷ በዝግታ ያዜማሉ፤ መቅዘፊያው ዜማውን እየጠበቀ ይገባል፣ ይወጣል። እንዲህ ያለ ጠዋት ሲኖር የማያልቅ ይመስላል።

አሻንጉሊቷ ጭኗ ላይ ተቀምጣለች። “ምን በልታ ነው ዛሬ እንዲህ የከበደችው?” አለች ፌንጣ በልቧ።

በዚያ ሐይቅ ውስጥ ጢሞ የሚባል አምባዛ ዓሣ ነበር። ጢሙ የሽማግሌ ጢም ነው። ትልቅነቱን ስነግራችሁ እንዳትስቁ፤ ሲገላበጥ የማዶው ሰው ቤቱ ውስጥ ውኃ ይገባበታል ይባል ነበር። አያቷ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲፈልጉት ኖረዋል። “ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ አንድ ጊዜ ፊቱን ባየው” ይሉ ነበር። እሱን ለማየት ነበር ያን ያህል ማልደው የሚነሡት።

ያን ዕለት ጠዋት ክሩ ድንገት ተወጠረ።

“ጢሞ ነው!” አሉ አያቷ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆነ። “ፌንጣ፣ ጢሞ ነው! በጣቴ አወቅሁት!”

ወዲያው ዓሣው ዞሮ ወደ ጥልቁ ተወረወረ። ክሩ በአያቷ ሌባ ጣት ላይ ተጠመጠመና ጠበቀ። ጀልባው ወደ ጎን ዘመመ። ጣታቸው ነጣ፣ ቀጥሎም ጠቆረ። አያቷ አልደነገጡም። ግራ እጃቸውን ወደ ደረታቸው፣ ወደ ቀኙ ጫፍ ላኩ። እጃቸው መንገዱን ያውቀዋል። ያዙ፤ ዳበሱ።

“ይሄ ምንድን ነው? … ማንኪያ? ፌንጣ! ጢሞን ሾርባ ላጠጣው ነው እንዴ?”

ከዚያ ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ።

“መቀሷ የት አለች? ጣቴ! ጣቴን ሊወስደው ነው! ክሩን ንከሺው!”

“ጥርስ የለኝም አባባ! እርስዎ ይንከሱት!”

“የእኔ ጥርስ ቤት ብርጭቆ ውስጥ ተኝቷል!”

አያችሁ? ሁለት ሰው በአንድ ጀልባ፤ በመካከላቸው አንድ የፊት ጥርስ የለም።

“በመንጋጋሽ!” ጮኹ አያቷ። “አኝኪው!”

ፌንጣ ጀልባው ጠርዝ ላይ በሆዷ ተኛች። ክሩን በመንጋጋዋ ይዛ እንደ ፍየል አኘከች፣ አኘከች። ውኃ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። በልቧ “እግዚአብሔር ሆይ፣ የአባባን ጣት አትርፍልኝ፤ እኔም እውነቱን እናገራለሁ” አለች። ጧ! ክሩ ተበጠሰ። ጢሞ መንጠቆውን ጢሙ ላይ ሰክቶ፣ ፊቱን ሳያሳይ ሄደ።

አያቷ ጣታቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ጨብጠዋል። ደሙ መሐረቡን አልፎ ይንጠባጠባል።

ፌንጣ እያለቀሰች አሻንጉሊቷን ጭምቅ አድርጋ አቀፈቻት። ወዲያው አንድ ነገር ክንዷን ወጋት። በአሻንጉሊቷ ሆድ፣ በስፌቱ መሐል፣ የመቀሷ ጫፍ ብቅ ብሏል። መቀሷ ከቤት ጀምሮ ጭኗ ላይ ተቀምጣ ነበር!

አሁን ነው ልጆች ዋናው ነገር። አያቷ አያዩም። ውኃው በጣም ቅርብ ነው። አሻንጉሊቷን ጠብ ብታደርጋት ከነመቀሷ ትሰምጣለች። “ከገመዱ በራሷ ላልታ ወድቃ ነው” ቢባል ማን ያውቃል? ስለ ማንኪያዋም አንድ ነገር መፍጠር አያቅትም። እጇ ከጀልባው ጠርዝ አለፈ። አሻንጉሊቷ በአየር ላይ ተንጠለጠለች።

በዚህ ጊዜ አያቷ በደህናው እጃቸው ገመዱን እየዳበሱ ለራሳቸው እንዲህ ሲሉ ሰማቻቸው።

“መቀሷን ጥዬ በቦታዋ ማንኪያ ያሰርኩት እኔው ነኝ ማለት ነው። እጄም ከዳኝ እንግዲህ። ከዛሬ ወዲያ ውኃ ላይ መውጣት ይቅርብኝ።”

ፌንጣ እጇን መለሰች። በጉልበቷ ሄዳ መቀሷን ከነአሻንጉሊቷ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠች።

“እጅዎ አልከዳዎትም፣ አባባ። እኔ ነኝ። መቀሷን ወሰድኩ፣ ጠፋችብኝ፤ ማንኪያዋን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ‘አሉ’ ያልኩዎት ውሸቴን ነው። ይቅር ይበሉኝ።”

ጀልባው በራሱ አንድ ጊዜ ዞረ። ከዚያም አያቷ አሻንጉሊቷን ዳበሷት።

“ሆዷ ውስጥ?” አሉ።

“አዎ።”

“እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጢሞ ሆድ ውስጥ ስንት ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ ሳስብ፣ ይህችኛዋ መቀስ ውጣ አጠገቤ ተቀምጣለች!” ሳቁ። ሳቃቸው ግን ወዲያው ቆመ። “ስሚኝ የኔ ልጅ። መቀሷ ብትጠፋ ሌላ መቀስ አለ። ‘አሉ’ ስትዪኝ ግን እኔ የማየው በአንቺ ነው። ያንን ሁለተኛ እንዳትወስጂብኝ።”

“አልወስድም” አለች ፌንጣ። ጢሞን ሳያዩት የቀሩት በእሷ እንደ ሆነ ታውቃለች፤ ያ ከሁሉ በላይ አስለቀሳት።

ጣታቸው ዳነ፤ ግን እንደ መንጠቆ ጎብጦ ቀረ። መንጠቆ ማሰር ስላቃታቸው ፌንጣ ታስርላቸው ጀመር። ዘወትር ጠዋት በሩ ላይ ቆመው ገመዱን አብረው ይዳብሳሉ።

“ፒንሳ?”

“አለች።”

“ሞረድ?”

“አለች።”

“መቀስ?”

“አለች፣ አባባ። ይኸው ይንኳት።”

“ማንኪያስ?”

ማንኪያዋን አያቷ አላስፈቷትም። “ትቆይ፤ ጢሞ አንድ ቀን ሾርባ ያምረው ይሆናል” አሉ።

ያ ሁሉ አልፏል ልጆች። አያቷ ካረፉ ረጅም ጊዜ ሆነ። የስፌት መኪናዋም ዝም ብላለች። ጢሞን ዳግመኛ ያየው የለም። ፌንጣ ግን ዛሬ የልጅ ልጅ አላት፤ ጉልበቷን እያመማት እንኳ ጎህ ሲቀድ ወደ ውኃው ትወርዳለች። ገመዱ አንገቷ ላይ ነው። ቅጭል ቅጭል ሲል የሐይቁ ዳር ልጆች “ደወሉ መጣ!” ይሏታል። እሷም “ታዲያ ግቡ እንጂ!” ትላቸዋለች፤ ይህን ስትል ድምፅዋ የአያቷን ይመስላል። ከዚያ ትንሹ የልጅ ልጇ የገመዱን ዕቃዎች እየቆጠረ ይጠይቃታል።

“ማንኪያዋ ለምንድን ናት?”

“እሷማ” ትላለች ፌንጣ፣ በአውራ ጣቷ እየወለወለቻት፣ “እውነት እንድናገር ናት።”

ስለዚህ ልጆች፣ ሌላው ሰው እጁን ዘርግቶ የሚያገኘውን ዕቃ ከቦታው አታንሡ፤ አንሥታችሁ ካጠፋችሁም ሳይፈልገው በፊት እውነቱን ንገሩት።