ሣጥኑ ውስጥ የቆየው የእህት አልማዝ ድምፅ

እኔ ሰው «ህልም አየሁ» ብሎ ሲመጣ «ማታ ምን በልተህ ነው?» የምል ሴት ነኝ፣ ይህን አስቀድማችሁ እወቁልኝ። ኅብረታችን ውስጥ ራእይ የሚያይ አለ፣ ሌሊት ስሙ ሲጠራ የሚሰማ አለ፣ እኔ ግን አምላኬን በቃሉ አምናለሁ፣ ከዚያ ያለፈውን በዓይኔ ካላየሁ አልቀበልም ባይ ነኝ፣ ለዚህም ባሌ ዳኒ «ቶማስ» ብሎ ሲጠራኝ ኖሯል። አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ፣ እመኑኝ፣ ከት ብዬ ስቄ ሻይ እቀዳለት ነበር።

የምንኖረው ዓረብ አገር፣ ኹበር ከተማ፣ ሸማሊያ ሰፈር ነው፣ ዳኒ ኤሲ ይጠግናል፣ እኔ ዑለያ ሰፈር አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ የታካሚ ፋይል ወደ ኮምፒውተር አስገባለሁ። ዓርብ ዓርብ ጥቂት ወንድሞችና እህቶች ሳሎናችን ውስጥ ተሰብስበን እንጸልያለን፣ እንዘምራለን፣ ዝማሬያችን ግን ሌላ ቦታ የምታውቁት ዓይነት አይደለም። ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤቱ ብዙ ነው፣ አገሩም የእኛን አምልኮ በግልጽ አይፈቅድም፣ ስለዚህ በሩ ሥር ፎጣ እንወትፋለን፣ መስኮቱን እንዘጋለን፣ አሮጌውን ኤሲ እስከ መጨረሻው ከፍተን እንዲያጓራ እንለቀዋለን፣ ከዚያ ሕፃን የምናስተኛ ይመስል በግማሽ ድምፅ እንዘምራለን፣ ጭብጨባችን እንኳ በሁለት ጣት ነው። አዲስ ሰው መጀመሪያ ቀን ሳቁን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ በሁለተኛው ዓርብ ግን እሱም በሁለት ጣት ያጨበጭባል። ዳኒ የሰው ቤት ኤሲ ሲያስተካክል ውሎ የራሱን የማይነካው ለዚህ ነው፣ «እሱ አገልግሎት ላይ ነው፣ ተዉት» ይላል።

እኔ ደግሞ የቀረጻ ኃላፊ ነኝ፣ ማንም ሳይሾመኝ። ክሊኒኩ ውስጥ ፋይሉ ሁሉ በኔትወርክ ወደ አንድ ማከማቻ ሣጥን ሲገለበጥ አይቼ ቀናሁና ለቤታችንም ትንሹን ገዝቼ ኮሪደር ላይ፣ ከዋይፋዩ ጎን አስቀመጥኩት። ዝማሬውን በላፕቶፕ እቀርጻለሁ፣ ላፕቶፑ ላይ የገባው ነገር ሁሉ ራሱ በዋይፋይ ወደ ሣጥኑ ይሄዳል፣ ሣጥኑም ሥራ ሲይዝ ቂር ቂር ይላል፣ ያቺን ቂር ቂር ስሰማ ደስ ብሎኝ ምሳ እሠራለሁ።

ዝማሬውን የምትመራው እህት አልማዝ ናት። የሆሳዕና ልጅ ናት፣ ጎረቤት ከተማ ደማም የሰው ቤት ትሠራለች፣ ማዳሟ ዓርብን ትለቅላታለች። ልጇን ሩትን ገና ዳዴ ስትል አያቷ ጋ ትታ ነው የመጣችው፣ አሁን ሩት ኮረዳ ሆናለች፣ እናቷ ስትዘምር ግን ሰምታ አታውቅም፣ ምክንያቱም አልማዝ የምትደውለው ከማዳም ወጥ ቤት ነው፣ እዚያ ደግሞ ሰላምታ እንኳ በሹክሹክታ ነው። ያን ሰሞን የአልማዝ አንገት ላይ እብጠት ወጣ፣ ሐኪሙም እሑድ እንደሚያወጣላትና ከዚያ በኋላ ድምፅዋ እንደ በፊቱ ላይሆን እንደሚችል ነገራት።

ዓርብ ሰው ሁሉ ሲሄድ እሷ ቀረች። «ትጊ፣ የዘመርኩትን ሁሉ ለሩት ላኪልኝ» አለችኝ፣ ሻርፗን አንገቷ ላይ እያስተካከለች። «ምናልባት እሑድ ድምፄ እዚያው ቢቀር፣ እናቴ እንዲህ ነበረች ትበል።»

«ኸላስ፣ ይሄማ ምን ሙሽኪላ አለው» ብዬ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ማህደሩ ባዶ ነው።

እንደገና ከፈትኩት፣ ባዶ ነው። «ዳኒ» አልኩ፣ ድምፄን ሲሰማ ገና ከወጥ ቤት ሳይወጣ ጥፋተኛ ሆነ። ለኳስ ጨዋታዎቹ ቦታ ሲያጣ «ሣጥኑ ላይ አለ አይደል» ብሎ የዝማሬውን ማህደር በሙሉ ከላፕቶፑ ሰርዞታል። ችግሩ ሣጥኑን ያገናኘሁት ሲንክ እንዲያደርግ ነው፣ ሲንክ ማለት ደግሞ ከላፕቶፑ የጠፋውን ታዛዡ ሣጥን ከራሱም ያጠፋል ማለት ነው፣ ባክአፕ ሌላ፣ ሲንክ ሌላ፣ እኔም ይህን የተማርኩት እህት አልማዝ ሶፋዬ ላይ ተቀምጣ እያየችኝ ነው። ዳኒን እንዴት እንዳየሁት እኔና እሱ እናውቃለን።

ሣጥኑ ግን የተሰረዘ ነገር ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይበት ቅርጫት አለው፣ ገባሁ፣ እልል፣ ሁሉም አሉ። ስማቸው እኔ የሰጠሁት ነው፣ ቀኑም ትክክል ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ገረመኝ፣ የፋይሎቹ መጠን እኔ ከማውቀው በብዙ እጥፍ ጨምሯል።

«ሣጥኑ ሲቀልባቸው ከርሟል» አለ ዳኒ፣ ይቅርታ ለማግኘት ቀልድ እየፈለገ። ኮሪደሩ ላይ ሣጥኑ ቂር ቂር ማለት ጀመረ፣ እኔ ግን ምንም እየገለበጥኩ አልነበረም። ነቅዬ ልሰካው ብዬ ተነስቼ ደግሞ ፋይሎቹ እንዳይጠፉ ፈርቼ ተውኩት። እንደ ዋዛ የመጀመሪያውን መዝሙር ተጫንኩ።

ቤቱ ፈነዳ ብል እመኑኝ። የአልማዝ ድምፅ፣ ግን ጉሮሮዋን ከፍታ፣ ሜዳ ላይ የቆመች ይመስል፣ ከኋላዋ እኛ ሁላችን፣ በሙሉ እጅ ጭብጨባ፣ ከበሮ፣ ቤታችን ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ከበሮ። ዳኒ ትራስ አንስቶ ላፕቶፑ ላይ ወደቀበት፣ እኔ ትራሱ ሥር እጄን አስገብቼ ድምፁን ልቀንስ ስል ቀድሞውኑ እስከ መጨረሻው ተቀንሷል። አልማዝ ሮጣ በሩ ሥር ፎጣ ወተፈች። ሦስታችን እዚያ ስንርመሰመስ ያየን ሰው ሌባ የምንይዝ ይመስለው ነበር፣ እኔም በመሃል ሳቄ አመለጠኝ።

የጆሮ ማዳመጫ ሰካንና ተራ በተራ ሰማን። ኤሲው የለም፣ ያ ሁሉ ማጓራት የት እንደገባ እንጃ። መዝሙሮቹ የዘመርናቸው ናቸው፣ ቅደም ተከተላቸውም ያው፣ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ወንድም ታምራት የሚስለው ሳል እንኳ በቦታው አለ። ከሳሉ በኋላ ግን አልማዝ እየሳቀች «ትጊ፣ መስኮቱን ክፈቺው» ትላለች፣ ከዚያ የእኔ ድምፅ፣ የራሴ ድምፅ፣ «ክፍት ነው እኮ» ይላል። እዚህ ላይ መልሼ አጫወትኩት። ያ መስኮት እኛ ዓርብ ስንሰበሰብ አንድም ቀን ተከፍቶ አያውቅም፣ ያን ቃልም ከአፌ አላወጣሁትም።

ዳኒ «በኢየሱስ ስም» አለ፣ ቀጥሎም በትህትና «አሁን የምንገስጸው ነው ወይስ የምናመሰግንበት?» ብሎ ጠየቀ።

አልማዝ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አላወጣችም፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እያስከፈተችኝ ቆየች፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ፊቷ ግን እንደ ሙሽራ በርቷል። «ላኪላት» አለች በመጨረሻ።

«ከየት እንደመጣ ሳናውቅ?» አለ ዳኒ።

«ድምፁ የእኔ ነው። የምትቀበለው እኔኑ ነው፣ ላኪላት።»

ላክሁላት። እሑድ ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ፣ እብጠቱም ክፉ አልነበረም፣ ተመስገን። ድምፅዋ ግን ሻካራ ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ፣ ሐኪሙም ይመለስ አይመለስ ጊዜ ይነግረናል አለ። እኔ በዚያው ሳምንት ዳግመኛ እንዳልሞኝ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ልገለብጥ ሣጥኑን ከፈትኩ፣ መጠናቸው ወደ ድሮው ተመልሷል። አንድ በአንድ ሰማኋቸው፣ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ፣ ሁሉም ያ የምናውቀው የግማሽ ድምፅ ዝማሬ፣ የሁለት ጣት ጭብጨባ፣ ኤሲው ከላይ እያጓራ። የክሊኒኩን የኮምፒውተር ባለሙያ ብጠይቀው «ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር የለበትም፣ ዕረፍት ውሰጂ» ብሎኝ ሳቀ። እኔስ ብሆን ምን እለው ነበር።

በቀጣዩ ዓርብ አልማዝ ማዳሟን አስፈቅዳ እኛ ጋ ልታርፍ መጣች፣ ሶፋው ላይ አጋድመናት ሳለ ሩት ደወለች። ስልኩን ሁላችን እንድንሰማ ከፍተን ጠረጴዛው ላይ አኖርነው።

«እማ፣ ሰፈሩን ሁሉ አሰማሁት» አለች ልጅቷ፣ ደስታዋ ቃላቷን እያደናቀፈ። «አያቴ እልል ብላ ጎረቤት ጠራች፣ እንዲህ ያለ ድምፅ አለሽና ደብቀሽኝ ኖረሻል? መጨረሻው ላይ ለእኔ ያልሽውን ግን ለማንም አላሰማሁም።»

አልማዝ ወደ እኔ አየች። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ፣ መጨረሻው ላይ ምንም ነገር የለም፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ምን አልኩሽ የኔ ልጅ?» አለች በዚያ በሻካራው ድምፅ።

«አንቺው ብለሽው ምን ታስደግሚኛለሽ» አለች ሩት፣ እየሳቀችና እያፈረች። «ቆይ ላሰማሽ፣ ላፕቶፕ ተውሻለሁ።»

ስልኩን አጠገቡ አደረገችው መሰለኝ፣ መዝሙሩ ጀመረ። እኔ የምሰማው የምታውቁትን ነው፣ ሹክሹክታውን፣ ኤሲያችንን። ሩት ግን ከላዩ አብራ ትዘምር ጀመር፣ በሙሉ ድምፅዋ፣ ማንንም ሳትፈራ፣ የእናቷ ጉሮሮ የተሰጣት ልጅ ናት፣ ሳሎናችን ሞላ፣ ዳኒም ትራስ ለማንሳት አልተነሳም። መዝሙሩ ሲያልቅ ስልኩ ውስጥ ኤሲው ብቻ ቀረ።

«ይኸው» አለች ሩት በቀስታ፣ «አሁን ስሜን ጠራሽ። ሰማሽው እማ?»

አልማዝ ዓይኗን ጨፍና ነበር። «ሰማሁት» አለች።

ስልኩ ሲዘጋ ጠጋ አልኳት። ልጅቷን ላለማሳዘን ብላ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፣ ገብቶኛል ብዬ ነበር ልበል። «አልሚ፣ እውነት ሰማሽ?» አልኳት። ዓይኗን ገልጣ ግራ ገብቷት አየችኝ።

«አንቺ አልሰማሽም እንዴ?»

ወደ ዳኒ ዞርኩ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በሸሚዙ እጅጌ ዓይኑን ይጠርግ ነበር። «ምን አለቻት?» አልኩት። እስከ ዛሬ አልነገረኝም።