ገመድ ያልተሰካበት አምፕሊፋየር

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የማይገባኝ ሰው ነኝ፣ ሰፈራችን ውስጥ «ትናንት ጉድ አየሁ» የሚል ሲመጣ «ስንት ብርሌ ጠጥተህ?» ብዬ የማሳፍረው እኔ ነበርኩ፣ ስለዚህ አሁን የማወራችሁን ባታምኑኝ አልቀየማችሁም፣ በእናንተ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም።

ሞባይል በየኪሱ ከመግባቱ በፊት ነው፣ ሚዛን ተፈሪ። ታላቅ ወንድሜ ታደለ በሠርግ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር፣ ድምፁም እንደ ጊታሩ ወፍራም ስለሆነ ገና ከመንገድ ላይ ሲስል ቤት ያለ ሰው ይለየዋል። አምፕሊፋየሩ የሚቀመጠው እኛ ሳሎን ነው፣ የሚዛንን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ጫማ እንኳ ይሻግታል፣ ስለዚህ ታደለ ዝናብ በበዛ ቀን ምንም ሳይሰካበት እንዲሁ አብርቶት ይውላል፣ ሙቀቱ ውስጡን እንዲያደርቀው። ለሠርግ ቴፒ ሲሄድ እዚያ ሌላ አምፕሊፋየር ስላለ ጊታሩን ብቻ ይዞ ሄደ፣ የማድረቁን ሥራ ለእኔ ተወልኝ።

ከመሄዱ በፊት ፊት ለፊት ያሉትን ማዞሪያዎች አንድ በአንድ አስጠናኝ፣ እኔ ደግሞ ነገር ካልገባኝ የምነዘንዝ ነኝ።

«ይኼ በግራ ያለው ጌይን ነው» አለኝ፣ «በር በለው። ከጊታሩ የሚመጣው ድምፅ ምን ያህል ይግባ የምትለው በዚህ ነው። በቀኝ መጨረሻ ያለው ማስተር ደግሞ ምን ያህሉ ወደ ሰው ይውጣ የምትልበት።»

«መሃል ያሉት ሦስቱስ?»

«እነሱ ቅመም ናቸው። ቤዝ ወፍራሙን፣ ሚድል መካከለኛውን፣ ትሬብል ቀጭኑን። ስታበራው ማስተሩን ዜሮ ላይ አድርገው፣ ሌላውን እንዳትነካብኝ።»

«ይቺ ቀይ መብራትስ?»

«የሚገባው ድምፅ ሲበዛ ነው ብልጭ የምትለው። ምንም ካልገባ አትበራም።»

ይቺን የመጨረሻዋን ባልጠይቀው ኖሮ፣ እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ምንም አልፈራም ነበር።

በሚመለስበት ቀን ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ እናታችን ጓዳ ጋደም ብላለች፣ እኔ አምፕሊፋየሩን አብርቼ፣ ማስተሩን ዜሮ አድርጌ ሸሚዜን እተኩሳለሁ። ቀይዋ መብራት ብልጭ አለች። ኃይል ተዋዥቆ ነው ብዬ አለፍኩት፣ ሚዛን ላይ ይኼ ምን ብርቅ ነው፣ ነገር ግን የሳሎኑ አምፖል ብልጭ ድርግም አላለም። ደግማ ብልጭ አለች፣ ቆየት ብላ ሁለቴ፣ ሰው ሲናገር እንደሚያደርገው እያረፈች። ጎንበስ ብዬ የገመዱን መሰኪያ አየሁት፣ ባዶ ነው፣ በጣቴ ብዳብሰው ባዶ ነው። አያችሁ፣ ማዞሪያዎቹን ባላውቃቸው ኖሮ ተበላሸ ብዬ ሶኬቱን ነቅዬ እተኛ ነበር፣ እኔ ግን ገብቶኛል፣ በሩ ክፍት ነው፣ መውጫው ተዘግቷል፣ አንድ ነገር ደግሞ እየገባ ነው።

ማስተሩን ትንሽ ከፈትኩት። መጀመሪያ የሰማሁት ዝናብ ነው፣ የእኛ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ሳይሆን ቅጠል ላይ የሚወርድ የጫካ ዝናብ። ቀጥሎ ጭቃ ውስጥ የሚያጓራ ሞተር። ቀጥሎ የታደለ ድምፅ፣ ያ ወፍራሙ፣ «ሀብቴ» አለኝ። ወለሉ ከእግሬ ሥር ነዘረ። «ሀብቴ፣ ሀብቴ»፣ ሌላ ቃል የለም፣ ስሜን ብቻ፣ እየቀረበ።

ፈራሁ፣ ምን እደብቃለሁ፣ ላስቆመው ብዬ እጄን ሰድጄ የያዝኩትን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዞርኩት። ድምፁ ግን ወዲያው አልጠፋም፣ ቀጠነ፣ ከሥሩ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ወጣና እንደ ትንኝ ጥዝዝ ብሎ ተቋረጠ፣ መብራቷም ጠፋች። እጄን ባየው የያዝኩት ማስተሩን አይደለም፣ ቤዙን ነው። ቶሎ ብዬ ወደነበረበት መለስኩት፣ ማስተሩን ጨርሼ ከፈትኩት፣ «ታዴ፣ ታዴ» እያልኩ ወደ ዕቃው ተጣራሁ፣ የሚገባ ነገር አልነበረም።

ሊመሽ ሲል በሩ ተንኳኳ። ታደለ ነው፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ጊታሩን አዝሎ፣ አንድ ጭረት የለበትም። አቀፍኩት።

«መኪናውን ጭቃ ይዞት ስንገፋ ዋልን» አለ።

ክንዴ ከትከሻው ላይ ወረደ። ድምፁ ቀጭን ነበር። ጉንፋን እንደያዘው ሰው የታፈነ አይደለም፣ ጥርት ያለ ቀጭን።

«ድምፅህ ምን ሆነ?»

«እንጃ። ጫካው ጋ ብቻዬን ወደ ኋላ ቀርቼ አንተን መጣራት ጀመርኩ፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፣ እየጠራሁህ እያለ እንዲህ ሆነ።»

«ማን መጣ ሀብቴ?» አለች እናታችን ከጓዳ።

«እኔ ነኝ እማዬ» አላት።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለችው፣ ለእንግዳ በምትናገርበት ደግ አንደበት፣ «ቤቱ የእርስዎም ነው። ልጄም ከቴፒ አሁን ይደርሳል።»

ወጥታ ስታየው በራሷ ሳቀች፣ ጉንጩን ደጋግማ ሳመችው። እራት ሲቀርብ ግን ለአንድ ሰው የሚሆን ከድና ለብቻው አስቀመጠች፣ ለማን እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅናትም።

ሐኪም አይቶት ምንም የለም ብሏል። የሰማሁትን ለታደለ ስነግረው ሳቀብኝ፣ ሳቁም ቀጭን ነው። ፊቱ ያው፣ ጠባዩ ያው፣ ጣቶቹ ጊታሩ ላይ ያው ናቸው፣ እኔ ግን ከኋላዬ ሲጠራኝ ዞሬ ፊቱን ሳላይ «አቤት» አልልም። ዝናብ ሲበዛ አምፕሊፋየሩን አሁንም አበራዋለሁ፣ ታደለም መጥቶ አጠገቤ ይቀመጥና ቀይዋን መብራት ዓይኑን ሳይነቅል ያያታል፣ ምን እንደሚጠብቅ ለመጠየቅ እስከ ዛሬ አልደፈርኩም።