የአቶ በርሀ የታርጋ ደብተር

አቶ በርሀ ከአፓርትመንታቸው መግቢያ ደረጃ ሥር ሞተው የተገኙት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 ክረምት፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሠላሳ በደረሰበት ጠዋት ነበር። ጭንቅላታቸው ተፈንክቷል፤ አጠገባቸው የተከፈተ የጨው ከረጢት ወድቋል።

ስመኝ አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። አዲስ አበባ ሳለች የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ደግሞ ፖሊስንና የሰፈሩን ሰው ታገናኛለች። ድራግ፣ ማለትም አደንዛዥ ዕፅ፣ ይዘው የሚመላለሱ መኪናዎችን ታርጋ ከመስኮታቸው እያዩ እንዲመዘግቡ ሽማግሌውን የለመነቻቸው እሷው ናት። «ምንም አይደርስብዎትም» ብላቸው ነበር። አሁን በዚያ ቃሏ አፈረች።

በረዶ እንዲያቀልጥ ደረጃ ላይ የሚበተነው ጨው የሚቀመጥበት ምድር ቤት ቁልፍ ከበርሀ ሌላ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ የሕንጻውን ጥገና የሚሠራውን ኦላናን ጠየቀችው።

«ደረጃውን ማን ነው የሚያጸዳው?»

«ጋሼ በርሀ ናቸዋ! አሥራ አራት ዊንተር ሙሉ ይተዉ ብላቸው መች ሰምተውኝ!»

ነርሲንግ ሆም አረጋውያንን የምትንከባከበው ጎረቤታቸው ትብለጽ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ታለቅሳለች።

«ኣቦይ በርሀን ማን ይጠላል? ኦቨርታይም አድርጌ ስመጣ እንዳልወድቅ አሸዋ በትነው ይጠብቁኝ ነበር።»

ሦስተኛው ሳህሉ ነው፤ በመስከረም ከሳን ዲዬጎ መጥቶ በርሀ ቤታቸው ያስጠጉት ባለታክሲ።

«ጨው ሊበትኑ ወጥተው አዳልጧቸው ነው» አለ።

«አይተሃል?»

«ኧረ ተኝቼ ነበር።»

ስመኝ ወደ መግቢያው ተመለሰች። ከበሩ ጀርባ የአሸዋው ባልዲ እስከ አፉ ሞልቶ ተቀምጧል።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በበርሀ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል።

«በእንዲህ ያለ ብርድ ጨው በረዶ አያቀልጥም» አለች በደከመ ድምፅ። «ኦላናም ትብለጽም ይህን ያውቃሉ። በርሀም ስለሚያውቁ ነው አሸዋ የሚበትኑት። ከረጢቱን አጠገባቸው የጣለው ክረምታችንን ገና የማያውቅ ሰው ነው። ሳህሉ፣ ሳን ዲዬጎ በረዶ የለም፤ ይህ የመጀመሪያ ክረምትህ ነው።»

ሳህሉ በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ አይቶ አቀረቀረ።

«ድራጉን የማመላልሰው እኔ ነበርኩ» አለ። «ማክሰኞ በመስኮት አዩኝ፤ ሲጽፉም አየኋቸው። ዛሬ ጠዋት ደረጃው ላይ ደብተሩን ስጡኝ አልኳቸው። የለኝም ሲሉኝ ዋሹኝ ብዬ ገፋኋቸው።»

«አልዋሹህም። ትላንት ለእኔ ሰጥተውኛል።» ስመኝ ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ የማክሰኞውን ገጽ ገለጠችለት። «አንብበው።»

«አሥር ሰዓት ላይ አንድ ታክሲ ቆመ» ብሎ ማንበብ ጀመረ። «ዓይኔ ደክሟል፤ ታርጋውን አላየሁም።»

«በዚያው ሰዓት ከመንገዱ ማዶ የቆሙትን የሦስት መኪናዎች ታርጋ ግን አንድ ቁጥር ሳያጎድሉ ጽፈዋል» አለች ስመኝ።

ሳህሉ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ጊዜ መች ሰጠሃቸው?»