ሁለት ቦታ የተነቆሩት ማንጎዎች

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው፤ እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ሌሊት አልነበረም። ሚያዝያ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ... ከመተማ ወጣ ብሎ ጓንግ ወንዝ ዳር ባለው የማንጎ እርሻችን ውስጥ ነው የሆነው።

አሰበች እባላለሁ። እርሻውን የምንይዘው እኔና ታናሽ ወንድሜ ያረጋል ነን። እናት አባት የለንም። ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

እሱ ማማ ላይ ተቀምጦ በጅራፍና በወንጭፍ ወፍ ያባርራል። እኔ ደግሞ ለቀማው ከመድረሱ በፊት በየረድፉ እየዞርኩ ወፍ ምን ያህሉን እንዳበላሸብን እገምታለሁ።

እኛ ዘንድ ወፍ ሲያስቸግር አንዱን ገድሎ መስቀል የተለመደ ነው። ሌሎቹ አይተው ይሸሻሉ። ያረጋል ግን ክንፏ የተሰበረ ወፍ ይዞ፣ በሕይወቷ፣ በእግሯ ዘቅዝቆ ማማው ሥር ሰቀላት።

ጎረቤታችን ሐጂ በሽር አይተው ደነገጡ።

«የሚሰቀለው የሞተ ነው ልጄ። ነፍስ ያለውን አውርድ።»

«ትጩህ እንጂ ሐጂ። ጩኸቷ ነው የሚያባርርልን» አላቸው እየሳቀ።

ቀኑን ሙሉ ጮኸች። ማታ ላይ ዝም አለች...

በማግስቱ ለግምት ወጣሁ። ወፍ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከዳር፣ ከወንዙ በኩል ነው። የዚያን ቀን ግን ዳሩ ላይ አንድም የተነቆረ አጣሁ። ደስ አለኝ።

ወደ መሐል ስገባ ነው ያየሁት።

ማማው ዙሪያ ያለው ማንጎ ተነቁሯል። ግን አልተበላም... እያንዳንዱ ላይ ሁለት ቀዳዳ ብቻ። ጎን ለጎን።

ከላይ ያሉትን አልነኩም፤ ከታች ያሉትንም። የነኩት ማማው ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት በሚደርስበት ከፍታ ያሉትን ብቻ ነው።

ማማው ሥር ሄጄ ቆምኩ።

«ያረጋል... ውረድ።»

«ምነው እታለም?»

«ቀስ ብለህ ውረድ። አትጩህ።»

«ምን ሆነሻል? ዛሬ እኮ አንድም ወፍ አልመጣም።»

ቀና አልኩ። ወፎቹ ከበላዩ ባሉት ቅርንጫፎች ላይ ጢም ብለው ሰፍረዋል። ሁሉም ዝም ብለው እሱን ያያሉ።

ወደ ላይ ማየቴን አየና እሱም ቀና አለ። ጅራፉን አነሳ...

አንድ ላይ ወረዱበት።

ፊቱ ጠፋብኝ። መሰላሉን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ከፊቱ ላይ እየነቀልኩ እንጨቱ ላይ ፈጠፈጥኳቸው። አንገታቸውን ጠመዘዝኩ። ደማቸው እጄ ላይ ይሞቃል። አንዷም ወደ እኔ አልዞረችም።

ሲነሱም አንድ ላይ ተነሱ።

ያረጋል ፊቱን በመዳፎቹ ከድኖ ተቀምጧል። በጣቶቹ መሐል ደም ይወርዳል።

«እታለም... መሸ እንዴ?» አለኝ።

ሐጂ በሽር በመኪናቸው ሸሕዲ ሐኪም ቤት አደረሱን። ነፍሱ ተረፈች። ዓይኖቹ ግን የሉም። አልቅሼ አልወጣልኝም።

ማማውን አፈረስኩት። ከዚያ ወዲህ እርሻው ውስጥ አንድም ማንጎ አልተነቆረም።

ዛሬ ጠዋት በሩን ስከፍት ግን... ደጃችን ያለው ማንጎ ላይ አንድ ፍሬ ተነቁሯል። ሁለት ቀዳዳ፣ ጎን ለጎን። ጭማቂው ገና ይንጠባጠባል።

ተጠግቼ ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

ቀዳዳዎቹ ከዓይኖቼ ጋር እኩል ናቸው።