ብርጭቆዎቹ ዝም ያሉ ቀን

ግዛቸው የተገኘው ድራሙ ላይ ተደፍቶ ነው። አሰላ ከተቆረቆረች ጀምሮ እንዲህ ያለ ድራመር አላየችም፤ ትልቁን ድራም በእግሩ ሲረግጥ ጭላሎ ተራራ ያስነጥሳል፣ በቆጂ ላይ የሚለማመዱ ሯጮች ሳያውቁት እርምጃቸውን በእሱ ምት ያስተካክላሉ። አጋነንክ የሚለኝ ካለ ጎረቤቱን ወይዘሮ አፀደን ይጠይቅ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሳሎናቸው ከግዛቸው መቅረጫ ክፍል ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል።

ኢንስፔክተር ቢፍቱ ስትደርስ መንገዱ በሰው ተጥለቅልቆ ነበር። ግማሽ አሰላ ወጥቷል፤ ከሳጉሬም በሚኒባስ ተጭኖ የመጣ አለ። ሁሉም ገዳዩን አውቋል፤ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴዋ ዘይቱና ናት። የሱቋን መስታወት በድንጋይ ያደቀቀ ጀግናም አልጠፋም።

«ማስረጃው?» አለች ቢፍቱ። ቆማ ማሰብ አይሆንላትም፤ ጫማዋ የሚያልቀው ከምርመራው በፊት ነው።

«ድራሙ ሲመታ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል» አለ ሳጅን ኃይለመስቀል። «ሲያቆም ዘይቱና ገባች። ወዲያው እየጮኸች ወጣች። በመሀል የገባ የለም። የተመታው በማይክ ማቆሚያው ብረት ነው፣ ማጅራቱ ላይ።»

«ሬሳው ቀዝቅዟል?»

«ቀዝቅዟል። ግን የእኛ ብርድ በሕይወት ያለውንም ሬሳ ያስመስላል፣ ኢንስፔክተር።»

ቢፍቱ ክፍሉን ዞረችው። ደግማ ዞረችው። ከድራሙ በላይ ሁለት ቀጫጭን ማይኮች ተሰቅለዋል። ለትልቁ ድራም የተገዛው ወፍራም ማይክ ከነካርቶኑ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተር ከትንሽ ድምፅ ማጉያ ጋር ተያይዟል፤ አልበራም።

ዘይቱናን ጣቢያ ውስጥ ሻርፗን ስትጠመዝዝ አገኘቻት።

«ወላሂ አልነካሁትም! ነገ ፍርድ ቤት ትቀርቢያለሽ አሉኝ። ልጆቼ ‹የገዳይ ልጆች› እየተባሉ ነው።»

«ለምን ሄድሽ?»

«ማይኮቼን ሞክሮ ዛሬ መልስ ሊሰጠኝ ነበር። በሰው ፊት ‹ሆድ የላቸውም› ብሎ አዋርዶኛል፤ ወፍራሙን ድምፅ አይዙም ማለቱ ነው። እኔም ‹በዚህ ዋጋ ሆድ ከየት ይምጣ? ለየድራሙ አንድ አንድ፣ ሰባት ማይክ የሚያስገዛህ ኪስ አለህ? ሁለቱን ከላይ ስቀል፣ ድራሙን በሙሉ ይሰሙልሃል። ለሆዱ አንድ ወፍራም ጨምር› አልኩት። ተጯጩኸናል። አልዋሽም።»

«ስትገቢ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ነበር?»

«ኧረ በርቶ! ብርሃኑ ፊቱ ላይ ነበር… ያረቢ!»

ቢፍቱ ቃሏን ሳታስጨርሳት ተነሳች። ከመቅረጫው ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት ዘፋኟ ሀሴት በልቅሶ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች።

«ጠዋት ተጣልተናል» አለች ሀሴት። «ማይክ ሳልመርጥ ዘፈንሽን አልቀዳም አለኝ። ‹ርካሽ ማይክ ለመምረጥ ሚስት ከመምረጥ በላይ ፈጀብህ› ብዬው ወጣሁ። የመጨረሻ ቃሌ ይኼ ይሁን?»

«ድራሙ ሲመታስ?»

«እዚሁ ነበርኩ፣ ከቦንሳ ጋር። ዘይቱና በሩ ላይ ቆማ እስኪያቆም ትጠብቃለች። ቦንሳ ከዚህ ሆኖ ‹አሁን ያቆማል፣ ግቢ!› አላት። አቆመ። ገባች።»

«ስትጮኽ ማን ቀድሞ ደረሰ?»

«ቦንሳ። የበቆጂ ልጅ አይደል? ማን ይደርስበታል!»

ቦንሳ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። በአርሲ ያለ እሱ ኪቦርድ የተዳረ ሙሽራ ትዳሩ አይጸናም ይባል ነበር፤ ድራሙንም፣ ዋሽንቱንም፣ እልልታውንም ሳይቀር በአንድ ጣት ያመጣዋል።

«እንደ ወንድሜ የማየውን ነው ያጣሁት» አላት ቢፍቱን። «ሲመታ እየሰማሁ ሻዬን ስጠጣ ነበር። የሰማው እኮ ሰፈሩ ሁሉ ነው!»

«ሁሉም ሰምቷል» አለች ቢፍቱና ወደ ወይዘሮ አፀደ ቤት ከነፈች።

«እትዬ አፀደ፣ እርስዎም ሰሙ?»

«እንዴት አልሰማ! ግን አንድ ነገር ገርሞኛል፣ ልጄ። ግዛቸው በእግሩ ሲረግጥ ቡፌዬ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። አንዱማ በራሱ ተራምዶ ወድቆ ተሰብሯል። ዛሬ ግን ድራሙ ይሰማል፣ ብርጭቆዎቼ ዝም። ‹ምነው፣ እግሩን አመመው?› አልኩ።»

ቢፍቱ ቆመች። ተከትሏት የገባው ሳጅን ኃይለመስቀል ቆማ ሲያያት የመጀመሪያው ስለነበር ወንበር ሊያመጣላት ሮጠ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከፍርድ ቤቱ ሰዓት በፊት፣ ሁሉንም እዚያው ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ዘይቱና በፖሊስ መሀል፣ ሀሴት በሩ ሥር፣ ቦንሳ ሶፋው ላይ፣ ወይዘሮ አፀደ ከብርጭቆዎቻቸው ጎን።

«ሳጅን!» ብላ ቢፍቱ ግድግዳውን መታች።

ከወዲያ ድራም ተሰማ። ሀሴት አፏን ያዘች፤ የግዛቸው እጅ ነው። ቡፌው ላይ ግን አንድም ብርጭቆ አልተንቀሳቀሰም።

«ያ ነው! ትናንት የሰማሁት!» አሉ ወይዘሮ አፀደ።

«ኮምፒውተሩ ነው የሚያጫውተው። ሀሴት፣ እስቲ ሄደሽ ትልቁን ድራም በእግርሽ ርገጪው።»

ሀሴት ሄደች። አንዴ ረገጠች፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ደገመች፤ እንደ ሰርግ ቤት ተንጫጩ። ተመልሳ ስትገባ ቦንሳ ጣቶቹን ጉልበቱ መሀል ቀብሯል።

«ግዛቸው ማይኮቹን ሲሞክር የቀዳው በሁለቱ የላይኛ ማይኮች ብቻ ነው» አለች ቢፍቱ እየተንጎራደደች። «ወፍራሙ ገና ከካርቶኑ አልወጣም። ስለዚህ ቅጂው ሆድ የለውም፤ ትንሿ ድምፅ ማጉያም ሆድ አትጨምርለትም። ሰፈሩ የሰማው ይህን ነው። ያኔ ግዛቸው ሞቷል። ዘይቱና ያገኘችው ሬሳ ነው።»

«ማን አጫወተው ታዲያ?» አለች ሀሴት።

«ከቅጂው ፊት ረጅም ዝምታ ተለጥፎበት አገኘነው፤ የለጠፈው ሰው ሻይ ቤት ደርሶ፣ ምስክር ይዞ እንዲቀመጥ። ስትጮኽ ደግሞ ቀድሞ ገብቶ ኮምፒውተሩን አጠፋ። ቦንሳ፣ ‹አሁን ያቆማል› አልካት። መንገድ ተሻግረህ ተቀምጠህ ሰውየው መቼ እንደሚያቆም በምን አወቅህ?»

ቦንሳ ከሶፋው ተነሳ። ቀጥሎ ድምፁ ሾልኮ ወጣ።

«አርሲን በሙሉ ያስጨፈርኩ እኔ ነኝ! ‹ከእንግዲህ በእውነተኛ ድራም ነው፣ ያንተ ኪቦርድ አያስፈልግም› አለኝ። በሁለት ርካሽ ማይክ ለወጠኝ! ጀርባውን ሰጥቶኝ ገመድ ሲያስተካክል…» ከዘይቱና ጎን የቆመው ፖሊስ እጁን ያዘው።

ሲያወጡት መስታወቱን የሰበረው ጀግና ውጭ ቆሞ «እኔ መጀመሪያውኑ ቦንሳን ነበር የጠረጠርኩት!» እያለ ይምላል።

ዘይቱና አልወጣችም። «ነፃ ነሽ፣ አዴ ዘይቱና» አለቻት ቢፍቱ። «ግን አንድ የቀረ አለ። ቦንሳ ያጫወተው ጫፉ የተቆረጠውን ነው። ሙሉው ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ።» ግድግዳውን ደግማ መታች።

ድራሙ ተሰማ፤ አቆመ። ከዚያ የድራሙ ዱላ ሲቀመጥ፣ ወንበር ሲንቋቋ፣ የግዛቸውም ትንፋሽ ሳይቀር ተሰማ።

«ሆድ የላቸውም» አለ ድምፁ እየሳቀ። «ጆሮ ግን አላቸው፣ የሰይጣን ጆሮ! ዘይቱና አሸንፋለች። አልመልሳቸውም።»

ዘይቱና ሻርፗን ፊቷ ላይ አደረገች።

«እባክሽ ደግመሽ አሰሚኝ» አለች።

ቢፍቱ ግድግዳውን መታች፤ ሳጅኑ ደገመው። ብርጭቆዎቹ ዝም ብለው አዳመጡ።