በቁሜ ያስለቀሰብኝ ፊልም

ስለዚያ ፊልም ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ዛሬ ልጆች «ዞምቢ» የሚሉትን፣ ያኔ እኛ «የሚሄድ ሬሳ» ያልነውን፣ በጃንሆይ ዘመን ጎባ ከተማ ላይ አንድ የጂኦግራፊ አስተማሪ እሠራለሁ ብሎ ተነሳ። ወዳጆቼ፣ በዕድሜዬ ብዙ መጥፎ ነገር አይቻለሁ። እንደዚያ ያለ ፊልም ግን አላየሁም! የባሰው ደግሞ ሠሪውን መውደዴ ነው።

መሸሻ ይባላል። ከሸዋ ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ የጎባን ብርድ የማይችል ሰው። መጀመሪያ ያየሁት በአባቴ በአቶ ባዳሳ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ስሸጥ ነው።

«አቡጄዲ አለ?»

«አለ። ምን ያህል ልቁረጥልህ?»

«ለአስራ አምስት ሬሳ የሚበቃ።»

መቀሱ ከእጄ ወደቀ።

«በስመ አብ! ምን መጣብን? እነማን ሞቱ?»

«እስካሁን ማንም» አለና ሳቀ።

«ውጣ! በሰው ሞት የሚቀልድ! ውጣ ብዬሃለሁ!»

አልወጣም። አገሩ ከሚገባ ፈረንጅ መምህር አሮጌ ካሜራ መግዛቱን ነገረኝ። ሙታን ከመቃብር ተነስተው ከተማውን ሲያሸብሩ፣ አንዲት ሙሽራ ስትሸሻቸው...

«ሙሽራዋ ማን ናት?» አልኩት።

ዓይኑን ፊቴ ላይ ተከለ።

«አታፍጥብኝ!» አልኩ። ፊቴ ግን ጋለ።

አባቴ ሙሽራዋን እንድሆን የፈቀደው በአንድ ውል ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ በሕይወት ላለ ሰው አይለቀስም፤ ሟርት ነው።

«መምህር፣ ልጄ ትሩጥ፣ ትጩህ፣ ታግባ። እንድትሞት ግን አልፈቅድም።»

«ቃሌ ነው፣ አባባ። ታማ ትወድቃለች፣ ከዚያ ድና ታገባለች። ፊልሙ የሚያልቀው በሰርግ ነው።»

«ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ልብ በል!»

ቀረጻው ተጀመረ። የሰፈሩ ጎረምሶች ፊታቸውን ዱቄት ተቀብተው፣ አቡጄዲ ተጠቅልለው ሬሳ ሆኑ። ቀነዓ የሚባለው ብርድ ፈርቶ ኮፍያዬን አላወልቅም አለ። ሬሳ ኮፍያ አድርጎ! ሌላው በቦት ጫማ ከመቃብር ተነሳ።

ይህም ይሁን። በጣም ያስፈራል በተባለው ቦታ ላይ፣ ሙታኑ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ሲያደቡ፣ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሙታኑ በሙሉ ብድግ ብለው «ኖር!»

«በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ ልጆቼ» አሉ ሽማግሌው፣ ዱቄቱን እያዩ ግራ ገብቷቸው።

«ይሄንን ቁረጠው!» አልኩት መሸሻን።

«ምን ላድርግ? በምትኩ የማነሳበት ፊልም የለኝም። የቀረችው ለሰርጉ ናት።»

ገባ! እንዳለ ፊልሙ ውስጥ ገባ! ዝናብ ሲመጣማ ያሳድዱኝ የነበሩት ሙታን አቡጄዲያቸውን ሰብስበው ወደ ቤታቸው ሮጡ። እኔን ቀድመውኝ አለፉ! ያም ገባ።

ያን ቀን አንድ ጣሪያ ሥር ተጠልለን ኮቱን አለበሰኝ። እሱ ራሱ ይንቀጠቀጣል።

«ማናልበሽ... ፊልሙ ከታየ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«ፊልሙ ሳያሳፍርህ ቀድመህ ላክ» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እጄን ያዘኝ፤ አላስለቀቅሁትም። ያኔ ነው ያለቀልኝ።

ሰርጉን በመጨረሻ አነሳን። እኔ ነጭ ለብሼ፣ እሱ ራሱ ሙሽራ ሆኖ፣ አንዱ ተማሪው ካሜራውን ይዞ። ሌሎቹ ቀድመው ስለተላኩ፣ የሰርጉ ፊልም ጥቅል ለብቻው በጣሳ ታሽጎ፣ አዲስ አበባ ሄዶ እንዲታጠብ ለአውቶቡስ ሾፌር እስኪሰጥ ድረስ በአባቴ ሱቅ ተቀመጠ።

ፊልሙ የታየ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። አክስቴ ሸዋርጋ ሳትቀር ከጎሮ መጥታለች። ፊልሙ ድምፅ የለውም፤ መሸሻ ፊልሙ ከሚታይበት ከተሰቀለው አንሶላ አጠገብ ቆሞ በአፉ ይተርካል። ሙታኑ «ኖር» ሲሉ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ባለ ኮፍያው ሬሳ ሲመጣ «ቀነዓ፣ አካም ቡልተ? እንዴት አደርክ?» ብለው ጮሁ። እኔ በንዴት ጥፍሬን እበላለሁ።

ከዚያ አንሶላው ላይ እኔ ወደቅሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አንሶላው ነጭ ሆነ... ሰርግ የለም!

መሸሻ «ከዚያም ሙሽራይቱ...» ብሎ ሲጀምር አክስቴ ብድግ አለች።

«ወዮ! ወዮ ማናልበሽ! ወዮ ልጄን!»

ሴቶቹ ሁሉ ደረታቸውን እየመቱ ተነሱ። የመሸሻን ድምፅ የሰማው የለም።

«አክስቴ፣ ይኸው አጠገብሽ ነኝ!»

ዞራ አየችኝና የተነሳሁ ሬሳ መስያት ባሰባት። አባቴ ጋቢውን ሰብስቦ ጥሎ ወጣ።

መሸሻን አንቄ ያዝኩት።

«ሰርጉስ?»

«አልወጣም።»

«ምን ማለት ነው አልወጣም?»

«ተበላሸ።»

«ማን አበላሸው?»

መሬት መሬት አየ።

«ገባኝ! ሐሳብህን ቀይረህ ቆርጠህ ጣልከው! ልታገባኝ ካልፈለግህ በአፍህ አትናገርም? በከተማው ሁሉ ፊት ታስለቅስብኛለህ?»

«ማናልበሽ፣ እንደሱ አይደለም...»

«ስሜን አትጥራ!»

አባቴም «ልጄን የቀበረ አያገባትም» ብሎ ማለ። እኔም ደግ አደረግህ አልኩ። ቀን ቀን እሳደባለሁ፤ ማታ ማታ ትራሴን አረጥባለሁ። መሸሻ ዝውውር ጠየቀ ሲሉ ሰማሁ። ይሂድ አልኩ። አንጀቴ ግን ቆሰለ።

አንድ ቀን አባቴ ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ ያወራል።

«እኔማ ቀድሜ ጠርጥሬዋለሁ። ጣሳውን ለሾፌሩ ከመስጠቴ በፊት ከፍቼ፣ ጥቅሉን ዘርግቼ በፀሐይ አየሁት። ልጄን ገድሏት እንደሆነ ልወቅ ብዬ። ባዶ! አንድ ሰው የለበትም!»

ፊልም ሳይታጠብ ብርሃን ካየ እንደሚጠፋ መሸሻ ሺህ ጊዜ ነግሮኛል።

«አባዬ... ይሄን ለመሸሻ ነገርከው?»

«ጣሳውን በከፈትኩ ማግስት! እጅ ነስቶኝ ሄደ።»

ሱቁን ጥዬ ወጣሁ። መሸሻ በተከራያት ቤት ውስጥ ሻንጣ ያስራል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

ወዲያው ገባው። «አባትሽን በልጃቸው ፊት ላዋርዳቸው? ያደረጉት እኮ ለአንቺ ሳስተው ነው።»

«ስለዚህ እኔን ግደለኝ! ለአባቴ ክብር ተጨነቅህ፤ ለእኔስ ልብ? ጠላኝ እያልኩ ስንት ቀን እንዳለቀስኩ ታውቃለህ?»

«ተሳስቻለሁ» አለ። ዓይኑ እንባ ሞላ። «መጨረሻውን በአፌ ተርኬ አድንሻለሁ ብዬ ነበር። ለቅሶው ቀደመኝ። አንቺን ከማጣ ካሜራውም ፊልሙም ገደል ይግባ።»

«ይግባ! ነገ ሽማግሌ ላክ።»

ላከ። በአቶ ጉሉማ መሪነት ሽማግሌዎቹ ቆመው ሲጠይቁ፣ አባቴ «አይሆንም» ሲል ከጓዳ ሰማሁ። ሽማግሌ ባለበት ሴት ልጅ ብቅ አትልም። እኔ ግን ወጣሁ!

«አባዬ፣ ሰርጌን ያጠፋው እሱ አይደለም። ጣሳው ሲከፈት ፀሐይ ነው የበላው።»

«ምን? ፀሐይ እህል ያደርቃል እንጂ ሰው ያጠፋል እንዴ?»

«ከፊልም ላይ ያጠፋል።»

አቶ ጉሉማ ሳቃቸውን በነጠላ ሸፈኑ። አባቴ መሸሻን አስጠራው፤ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«መምህር፣ ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎን አሳፍሬ ልጅዎን ልጠይቅ?»

አባቴ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ኢንተለ ኮ... ልጄ፣ በቁምሽ ያስለቀስኩብሽ እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ ባዳሳ፣ እሺ ነው ወይስ እንቢ?» አሉ አቶ ጉሉማ።

«ይውሰዳት እንጂ! ለውሸቱ ሰርግ በግ እንኳ አላረድኩም፤ ለእውነቱ ሰንጋ ነው የምጥለው። የገደልኳት እኔ፣ የሚያኖራት እሱ ይሁን!»

ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ መሸሻን ወደ ደጅ ጎተትኩት።

«ስማ! ለሰርጉ ያን ካሜራ ይዘህ ብትመጣ እገድልሃለሁ!»

«አልይዝም።»

«ማል!»

«ባንቺ እምላለሁ።»

ገና አልበረደልኝም ነበር። እያለቀስኩ፣ እየተሳደብኩም ቢሆን እቅፉ ውስጥ ገባሁ።