የቁጥር አርባ አንድ ፍርድ

«ሰዓቱ እጇ ላይ ነው። ዓይን ያለው ይይ» አለ ሙጫ፣ የኮሚኩን ቁጥር አርባ ሁለት ገልጦ በየልጁ አፍንጫ ሥር እያዞረ። «አርባ አንድ ላይ ረግጣ ከሰባበረችው፣ እዚህ ከየት መጣ?»

ከቤተ ሙከራው ጀርባ ባለው የብረት ደረጃ ላይ የተደረደሩት ልጆች ቀና ብለው ያዩት ላይኛው ደረጃ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ ነበር። እሷን ዳኛ ነው የሚሏት።

የዕረፍት ደወል በተደወለ ቁጥር እዚህ የሚሰበሰቡት ስለ ግራጫዋ ለመከራከር ነው። ግራጫዋ በግድግዳ ውስጥ የምታልፍ፣ ከአባቷ የወረሰችውን አሮጌ የእጅ ሰዓት የማታወልቅ የኮሚክ ጀግና ናት። እትሞቹ እየተቆራረጡ ስለሚመጡ ሁሉንም ያነበበ የለም። ስለዚህ ደንብ አወጡ። ያነበበ ይመሰክራል፣ ሌላው ይጠይቃል፣ ዳኛ ትፈርዳለች። «ጸድቋል» ካለች ነገሩ በግራጫዋ ሕይወት ውስጥ በእርግጥ ሆኗል፤ «አልጸደቀም» ካለች አልሆነም፣ በቃ። ለውጭ ሰው የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስል ይሆናል። እዚያ ደረጃ ላይ ግን በዚህ የተነሳ የተኮራረፉ፣ አንዴም አንገት ለአንገት የተናነቁ አሉ።

ቁጥር አርባ አንድ ጭራሽ አልመጣም። ቁጥር አርባ ያለቀው ባለጓንት የሚባለው ጠላቷ ጭምብሉን ሊያወልቅ እጁን ሲያነሳ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረቻቸው ሬዲዮ ናት፣ የዳኛ የልብ ጓደኛ። ሬዲዮ ያሏት አፏ ስለማያርፍ ነው። የአክስቷ ልጅ ጋ አንብቤዋለሁ ብላ አንድ ሙሉ የዕረፍት ሰዓት ተረከችው። ባለጓንት ለካስ የግራጫዋ እህት ናት። ግራጫዋ ይህን ስታይ የአባታቸውን ሰዓት አውልቃ በእግሯ ሰባበረችው፣ እህቷንም ለቀቀቻት። ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ ያቀረረ ልጆች ነበሩ። ዳኛም ዓይኗን ሳታሽ አጸደቀችው።

አሁን ሙጫ ያንን ፍርድ ሊያፈርስ ነው የመጣው። ሙጫ የተቀደዱ ኮሚኮችን የሚጠግን ልጅ ነው፤ የደረጃው ልጆች ካላቸው እትም ግማሹ በእጁ አልፏል። አንድ ነገር ከያዘም አይለቅም።

«ሠዓሊው ተሳስቶ ነው» አለች ዳኛ። የተዘረጋላትን ገጽ አላየችውም።

«በየገጹ ይሳሳታል?»

«ሥዕል ይሳሳታል። እኛ ምስክር አለን።»

«ምስክርሽ ጓደኛሽ ናት።»

ሬዲዮ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ምን ለማለት ነው?»

«ቀደዳ ነው ለማለት ነው። አርባ አንድን በዓይንሽ አላየሽውም።»

ደረጃው ላይ ጉምጉምታ ተነሳ። ዳኛ ፊቷ ሲግል ይታወቃታል። ንዴቷ ለጓደኛዋ ብቻ አልነበረም፤ ልጁ ፍርዷን በሰው ፊት እንደ አሮጌ ጨርቅ እየጎተተው ነው።

«ይቅርታ ጠይቃት» አለች።

«አልጠይቅም።»

«እንግዲያው ተነሥና ሂድ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቦታ የለህም።»

ሙጫ የሰማውን ያላመነ ይመስል ቆሞ ቀረ። ይሄኔ በቁመቱ ምሰሶ የሚሉት ልጅ ቦርሳውን በእግሩ ገፋ አደረገለት። ቦርሳው ከብረቱ ጋር እየተላተመ እስከ ታች ወረደ። ውስጡ የነበረው የማጣበቂያ ጠርሙስ ተሰብሮ ከሥሩ ነጭ ነገር መንጠባጠብ ጀመረ። ሳቁ። ሬዲዮ ከሁሉም በላይ ሳቀች። ሙጫ ወርዶ ቦርሳውን አነሳና ዞር ብሎ ሳያይ ሄደ።

በማግስቱ ወንበሩ ላይ ማጣበቂያ አፍስሰው ጠበቁት። በሚቀጥለው ቀን ዴስኩ ላይ «ዋሾ» ብለው ጻፉበት። ዳኛ አላፈሰሰችም፣ አልጻፈችም። ተዉ ብላም አልተናገረችም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷን ታግዛለች። እናቷ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ታካሚዎችን እየመዘገበች ተራ የምታስይዝ ሴት ናት። የልጅቷ ሥራ ወንበር መወልወልና የተራ መጠበቂያውን መጽሔቶች ማስተካከል ነው። በዚያ ሳምንት ቤት የቀየሩ አንዲት ታካሚ የማይፈልጉትን መጽሔት በካርቶን አምጥተው ጥለው ሄደዋል። ዳኛ እየለየች ስትደረድር ከአንድ የሹራብ አሠራር መጽሔት ሥር የግራጫዋ ካፖርት የተሣለበትን ሽፋን አየች። ቁጥር አርባ አንድ ነበር።

ቆማ አነበበችው። ከውስጠኛው ክፍል የጥርስ መቦርቦሪያው ሲጮህ፣ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል። ባለጓንት ጭምብሉን አወለቀ። ከሥሩ የወጣው ማንም የማያውቀው ራሰ በራ የባንክ ሠራተኛ ነው። ግራጫዋ በባቡር አሳደደችው፣ ያዘችው፣ አስረከበችው። እህት የለችም። ሰዓቱ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እጇ ላይ ነው። ታሪኩም ደረቅ ነበር፣ ሬዲዮ ከተረከችው ጋር ጭራሽ የሚወዳደር አይደለም።

«ምነው የኔ እናት፣ አንቺንም ጥርስሽን አመመሽ እንዴ?» አለቻት እናቷ ከመስኮቷ አሻግራ። «ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«ደህና ነኝ፣ እማ። ይቺን ልውሰዳት?»

«ውሰጃት። ማን ሊያነበው።»

ከክሊኒኩ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ሬዲዮ ቤት ሄደች። ሬዲዮ በሩን ከፍታ ልትስማት ስትል ኮሚኩን አየችና እጇ አየር ላይ ቀረ። በሩን ከኋላዋ ገጥማ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

«ከየት አመጣሽው?»

«እሱን ተይው። ለምን ዋሸሽኝ?»

«አንቺን ብቻ ነው እንዴ የዋሸሁት?» ሬዲዮ ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሁላችሁም እትም እትም ስትሉ እኔ የምለው አልነበረኝም። አንድ ቀን ዝም ብላችሁ ሰማችሁኝ። ደግሞ የኔው አይሻልም? እውነቱን ተናገሪ።»

«ይሻላል። ሙጫን ግን አባረርነው።»

«አባረርሽው። ፈራጇ አንቺ ነሽ።»

«ባንቺ ቃል ነው የፈረድኩት።»

«ዓይንሽን በጨው ታጠቢ እንጂ» አለች ሬዲዮ፤ አሁን ፊቷ ክፉ ሆነ። «ሰዓቱን ከሱ በፊት አንቺ ነሽ ያየሽው። አርባ ሁለት በመጣ ቀን እኔው አጠገብ ተቀምጠሽ አነበብሽው። ገጹ ላይ ቆየሽ፣ አየሽኝ፣ ከዚያ ገለጥሽው። ረሳሽው?»

ዳኛ አልረሳችውም። ሙጫ ገጹን ሲዘረጋላት ያላየችው የምታውቀው ስለነበር ነው። ያን ቀን ጓደኛዋን ብትጠይቃት ኖሮ ነገሩ በሁለቱ መካከል ይቀር ነበር። ግን ጸድቋል ብላ ነበር። ዳኛ ተሳሳተች መባልን እንደ ሞት ነበር የምትፈራው።

«ሰኞ ይዘሽው ከመጣሽ ይህንን እናገራለሁ» አለች ሬዲዮ። «ሁለታችንም እንዋረዳለን። ወይ ደግሞ ቅደጂውና ይለቅ። ማን ያውቃል?»

ከውስጥ የሬዲዮ እናት «ማነው እሱ? ግቡ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያስቆማችኋል?» ብለው ተጣሩ። ዳኛ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። በንዴት ይሁን በሃፍረት ራሷም አላወቀችውም።

ቤት ገብታ ኮሚኩን መሐሉ ላይ ይዛ ለመቅደድ ሞከረች። ትንሽ እንደሄደ እጇ እምቢ አላት። የባቡሩ ሥዕል ለሁለት ሊከፈል ጥቂት ሲቀረው ተወችው።

ሰኞ የዕረፍት ደወል ሲደወል ሙጫ ክፍል ውስጥ ብቻውን ነበር፤ ዴስኩ ላይ የተጻፈበትን በእርጥብ ጨርቅ ይፈትጋል። ፍተጋው ጽሑፉን አደበዘዘው እንጂ አላጠፋውም። ዳኛ ኮሚኩን ፊቱ አስቀመጠች።

ሽፋኑን አየ። ከዚያ አንድ በአንድ ገለጠው። በየገጹ ጣቱን ሰዓቱ ላይ እያሳረፈ አለፈ። ደስ አላለውም፤ ዓይኑ ውስጥ የነበረው ቁጭት ነው።

«ሙጫ፣ ይቅርታ» አለች።

«ይቅርታሽን ወንበሬ ላይ ላድርገው?»

እሱ የተቀደደው ገጽ ላይ ደርሶ ነበር።

«ይሄ አዲስ ቅድ ነው። ማን ቀደደው?»

«እኔ ነኝ። ልጥለው ነበር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢሰድባት ይቀላት ነበር። እሱ ግን የተቀደደውን ገጽ በሁለት ጣቱ ገጥሞ ጥቂት አየውና ኮሚኩን መልሶ ገፋላት።

«ማጣበቂያ የለኝም» አለ። «ጠርሙሴን ሰብራችሁታል።» ጨርቁን አንስቶ ፍተጋውን ቀጠለ።

ዳኛ ወደ ቤተ ሙከራው ጀርባ ስትሄድ ኮሚኩ በእጇ፣ በግልጽ፣ ሽፋኑ ወደ ውጭ ዞሮ ነበር። መጀመሪያ ያያት ምሰሶ ነው። «አቦ፣ አርባ አንድ ናት እንዴ?» ሲል ሁሉም ዞሩ። ሬዲዮ መሐላቸው ተቀምጣለች። ከሩቅ ዓይን ለዓይን ተያዩ። የሬዲዮ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፣ ግን ያ የማያርፍ አፍ አንድ ቃል አላወጣም።

ልጆቹ ወደ ላይኛው ደረጃ እንድትወጣ ግራና ቀኝ ተከፈሉላት። እሷ ግን አልወጣችም። ምስክሮች በሚቆሙበት ከታች መሬቱ ላይ ቆመች። ስለ ሬዲዮ ውሸት መናገሩን ለራሷ ለሬዲዮ ተወችው።

«ቁጥር አርባ ሁለት በመጣ ቀን» ብላ ጀመረች፣ «ሰዓቱን አይቼው ነበር።»